ብረት ብረት የማይል ውሃ

ውሃ ፍለጋ አራት ቀን ተንከራተትኩ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጎጃም ዙሪያውን ዓባይን የታጠቀ አገር ነው፤ እዚህ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠፋ ማለት ጎተራ ላይ ተኝቶ ራበኝ እንደማለት ነው። አውቃለሁ። ግን እኔ የፈለግኩት የወንዝ ውሃ አይደለም፣ የቧንቧም አይደለም፣ ሱቅ የሚሸጠው የታሸገም አይደለም። ፈልቶ፣ እንፋሎት ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ እያለ የወጣ ውሃ ነው የፈለግኩት። ከቢቸና እስከ ሞጣ ምን እንዳጋጠመኝ ልንገራችሁ። ቢቸናንም ሞጣንም ረግጣችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። በዚህ ጊዜ ኑና እዩ ብዬ አልጋብዛችሁም፤ ተቀምጣችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ግን እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ብርቄ ትባላለች። ታላቄ ናት፤ እኔ እታለም ነው የምላት። ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ አምና በክረምት መጣች። ስትሄድ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ነበረች። ስትመለስ ሁለት ሰው ደግፎ ከመኪና አወረዳት። ኩላሊት ነው አሉ፤ ሁለቱም። ባህር ዳር ወሰድናት፣ እጥበት ያስፈልጋታል ተባለ፣ ቀጠሮ ያዝን፤ የቀጠሮው ቀን መንገድ ተዘጋ። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና መንገድ። እስኪከፈት ድረስ ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትዋጥ፣ ውሃም በልክ ትጠጣ ተብለን ቤታችን ገባን።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ አልወርድላት አለ። የቧንቧውን ትጎነጭና ምላሷን ላንቃዋ ላይ ለጠፍ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ትተፋዋለች። "ብረት ነው" ትላለች። የጉድጓድ አመጣሁላት፣ ብረት። የታሸገ ገዛሁላት፣ ብረት። ኪኒኑን ያለ ውሃ ልትውጥ ትሞክርና ጉሮሮዋ ላይ ይቀርባታል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ኪኒን አልወረደም። እማ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች፣ ድምፅ እንዳይሰማ።

"ታዲያ ምን ዓይነት ውሃ ነው የምትፈልጊው?" ብዬ ጮህኩባት። በሽተኛ ላይ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ አልዋሽም።

"እዚያ የምጠጣውን" አለች ቀስ ብላ። "ማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ማሽን ነበራት። ማታ ውሃ እሞላባታለሁ፣ ጠዋት በጠብታ ወጥቶ አገኘዋለሁ። ሞያ ሙቀጠር ይሉታል። ምንም አይልም እኮ። ምንም፣ ምንም። እሱን ባገኝ እውጥ ነበር።"

ሰው ባዕድ አገር ሄዶ የአገሬ ውሃ ናፈቀኝ ሲል ነው የምናውቀው። የኔ እህት እናቷ ቤት ተኝታ የባዕድ አገር ውሃ ናፈቃት። ለሷ ስደቱ ቢቸና ሆነ።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ ነው የተውኩት፤ እሱም እኔን ትቶኛል። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ባጃጇ የዶሮ ማደሪያ ሆናለች። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የባትሪ ውሃ ማለት እሷ የምትለው ዓይነት ነው፣ በእንፋሎት የወጣ፣ ምንም የሌለበት። ሮጬ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጩም "በጀሪካን ከፈለግህ ሞጣ ትልልቅ የመለዋወጫ ሱቅ አለ" አለኝ። ቤት ስደርስ እታለም ተኝታለች። ልቀስቅሳት ስል እማ እጄን ያዘችኝ። "ተዋት ትተኛ። ስንት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አድራ ነው።" እኔም ጠርሙሱን ለናሙና ልያዘው፣ ተመሳሳዩን በጀሪካን አመጣለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይቺን ጠርሙስ አትርሷት።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ታኅሣሥ ነው፣ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ዘንድሮ ቢቸና መናኸሪያ ሰው "እንዴት አደርክ" መባባሉን ትቷል፤ ሰላምታው "መንገዱ ክፍት ነው?" ሆኗል። መልሱም እንደ እግዜር ይመስገን አንድ ዓይነት ነው፤ "ማን ያውቃል።"

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ተገኘ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወንበር የለም፣ ግን ቦታ አለ" አለኝ።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቦታ ላይ ይታጠፋሉ።"

ታጠፍኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ፣ የአንዲት እናት የበርበሬ ጆንያ ጀርባዬ ላይ፣ እስከ ደብረ ወርቅ እንዲህ ተሄደ። በመስኮት የጤፍ ክምር አየሁ፤ ማን ሊወቃው እንደሆነ እንጃ፣ ሰዉ ግማሹ የለም።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሾፌሩ ወርዶ ከሰዎች ጋር አወራ፣ ተመለሰ፣ ሞተር አጠፋ። "ከዚህ አላልፍም። ወደፊት ያለው አላማረኝም።"

"ሰውዬ፣ እኔ በሽተኛ አለብኝ!"

"እኔ ደግሞ ልጆች አሉብኝ" አለኝ። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጆች ያለው ሰው ምን ይባላል።

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ታንሳለች ልላችሁ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከላይ ሆና ስታየኝ አፈርኩ። ከግቢው አጥር ስር ቁጭ አልኩ። አንድ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በሶ ይበጠብጣል። ተማሪ ስላችሁ ጢሙ ሸብቷል።

"ስንት ዓመት ተማሩ?" አልኩት።

"አሥራ ዘጠኝ።"

"እኔ ዘጠኝ ተምሬ አንገሸገሸኝ።"

"እኔም ዘጠኝ ላይ አንገሽግሾኝ ነበር" አለ። "አሥረኛው ላይ ይለቅሃል።" ቆሪውን ገፋ አደረገልኝ። ራሱ ለምኖ ያመጣውን ዱቄት ነው። በየቤቱ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ያገኘውን። እንቢ ብል መናቅ ይሆንብኛል፣ ጠጣሁ። ውሃው ከምንጭ ነው፣ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። እውነት ለመናገር እህቴ እስክትታመም ድረስ ውሃ ጣዕም እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን በየደረስኩበት እቀምሳለሁ። የቢቸና ቧንቧ ቱቦ ቱቦ ይላል፤ የደብረ ወርቁ ድንጋይ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ጸበል ውሰድላት ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቆሪውን እያጠበ፣ "ውሃ ጣዕም ቢኖረው ኖሮ አንዱ ይወደው፣ አንዱ ይጠላው ነበር። ፈጣሪ ጣዕም የነሳው ሁሉም እንዲጠጣው ነው። ለአንድ ሰው ከጣመው ወይም ከመረረው ነገሩ የውሃው አይደለም" አለኝ። ጥሩ አባባል ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ነው የገባኝ።

ያደርኩበት አልጋ ቤት መኝታው የጭድ ፍራሽ ነበር፤ ቁንጫው ከኔ በፊት ተከራይቶታል። ባለቤቲቱ ግን ስሳል ሰምታ የራሷን ጋቢ በበሩ አቀበለችኝ። ጠዋት ልመልስላት ስል እሷ ነጠላ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ቢቸና ቢሆን እንዲህ የሚያደርግ ይኖር ይሆን? አሉ። ግን እኔ ከነሱ አንዱ አይደለሁም፤ እሱ ነው ያበሳጨኝ።

ሐሙስ

ሌላ ሾፌር ደፈረ። ሁለት ቦታ አስቆሙን፣ ሁለት ቦታ ወርደን ተደረደርን፣ መታወቂያ አሳየን። እኔ ዝም አልኩ። ይሄን እንደ ጀብዱ ቁጠሩልኝ፤ በመመለሻዬ አላደረግኩትም።

ሞጣ በስምንት ሰዓት ገባን። ሞጣ ከቢቸና ትበልጣለች፣ ይሄን የቢቸና ሰው ሲናገር የምትሰሙት ከኔ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አለ፣ ሱቁ ይረዝማል፣ የባህር ዳር ሚኒባስ ጥሪ ያደነቁራል፤ ባይሄድም ይጠራሉ።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ናት። "በእንፋሎት የወጣ ውሃ አለ?" አልኳት። የመርፌ መድኃኒት የሚበጠበጥባትን የጣት ታህል ብልቃጥ አወጣችልኝ።

"እህቴ ድንቢጥ ናት እንዴ?" አልኳት።

አልተቆጣችም። "ለምንድን ነው የፈለግኸው፣ ወንድሜ?" አለችኝ። ነገርኳት። ብረት ብረት ይላል ትላለች ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ "ኩላሊቷ ነው አይደል?" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ኩላሊት ሲደክም ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል። አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያመጣል። እንጀራ ብትሰጣት ብረት ነው፣ ማር ብትሰጣት ብረት ነው። ውሃው አይደለም እኮ፤ አፏ ነው። ከሰማይ ብታወርድላት ያው ነው።"

"አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ዝም በይ!" ብዬ በሩን አላግቼ ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆምኩ። የደብረ ወርቁ ሽበታም ተማሪ አባባል ያኔ ነው የመጣብኝ። ልጅቷ እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ስላወቅኩ ነው የጮህኩት። ግን ምን ላድርግ? ባዶ እጄን ልመለስ? "እታለም፣ ውሃ አጣሁልሽ፣ ደግሞም አፍሽ ነው አሉኝ" ልበላት?

መለዋወጫ ተራ ገባሁ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ሱቅ ፊት ደረስኩ። ቆፍያ ያደረጉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ናቸው። ጠርሙሴን አወጣሁና "ጋሽዬ፣ ይሄን የመሰለ በጀሪካን አለዎት? የሚጠጣ ነው" አልኳቸው።

"የሚጠጣ?" ጠርሙሱን ተቀበሉ፣ ከፈቱ፣ አሸተቱ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ጠብ አደረጉት። ሲሚንቶው ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

ሁለታችንም አረፋውን አየነው።

"አሲድ ነው፣ ልጄ" አሉ። "ውሃ ላይ አሲድ ደርበው የሚሸጡ አሉ። ለባትሪ ይሆናል። ለሆድ..." አልጨረሱትም።

በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ባትተኛ ኖሮ። እማ እጄን ባትይዘኝ ኖሮ። ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ አውቃለሁ ባይ! ጋሽ ሰይድ ጠርሙሱን ወስደው ደፉት፣ እንዳላይ ጀርባቸውን ሰጥተው።

"የርስዎስ?" አልኳቸው።

"የኔ ውሃ ነው። ለባትሪ እምልልሃለሁ። ግን በምን በርሜል እንደመጣ አላውቅም፤ ለሆድ አልምልም።" ከዚያ ሱቃቸውን ገና በጊዜ ዘጉት። "ተነስ፣ ቤት እንሂድ። ሆድህ ባዶ ሲሆን ጭንቅላትህም ባዶ ነው።"

ቤታቸው ስንገባ የሥጋ ወጥ ሽታ ተቀበለን። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ አዩኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ተመለሱ። ጾሙ ባይኖር እንኳ የነሱ እርድ ለኔ እንደማይሆን፣ የኛም ለነሱ እንደማይሆን እዚህ አገር የሚነገር ነገር አይደለም፣ የሚታወቅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ትኩስ ሽሮ ለብቻዬ በአዲስ ሸክላ እየተንተከተከ ቀረበ። ጋሽ ሰይድም ሥጋውን ትተው ከኔ ጋር ሽሮ በሉ። "እኛስ ሥጋ ሰልችቶናል" አሉ። ሥጋ በዚህ ዘመን የሚሰለቸው ማን ነው? ውሸታቸው ጣመኝ። የሞጣ ውሃ ግን፣ ቀመስኩት፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል።

እራት ላይ የእህቴንና የማሽኑን ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ጋሽ ሰይድ አሰቡ አሰቡና፣ "አንድ ሰው አለች" አሉ። "ውዴ። ከጀርባችን ናት፣ አረቄ ታወጣለች። አረቄ ምንድን ነው? ይፈላል፣ ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። የእህትህ የኅብስት ማሽን ምን የተለየ ነገር አለው?"

"የእህቴ ስም ብርቄ ነው።"

"የብርቄም ያው ነው። ሌሎቹ በበርሜል ነው የሚያወጡት። ውዴ ብቻ እስካሁን በሸክላ ጋን ነው፤ በርሜል አረቄውን ብረት ብረት ያሰኘዋል ብላ።"

የጠቀለልኩት ጉርሻ ከእጄ ወደቀ።

"በሯን ረግጬ አላውቅም" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ "ግን ጭሷን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።"

ዓርብ

እትዬ ውዴ ወፍራም፣ ቁጡ ሴት ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

"ድፍድፍ የሌለበት ጋን ልጣድ? ውሃ አፍልታ ውሃ አወጣች ብሎ ሞጣ ይዘፍንብኛል እኮ!"

"እህቴ ኪኒን መዋጥ አቅቷት ነው፣ እትዬ። ከዓረብ አገር ታማ መጥታ..."

"ከየት?"

"ከዓረብ አገር።"

ሳቃቸው ቆመ። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ ዣንጥላ የያዘች ልጅ፣ ከጀርባዋ የውሸት ባሕር። "ልጄም እዚያው ናት። ስልክ ከደወለች ሁለት ዓመቷ" አሉ ወደ ፎቶው ሳያዩ። ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ አሰሩ፣ ግራዋ ቅጠል አመጡና ጋኑን ውስጡን መፈተግ ጀመሩ። አራት ጊዜ አጠቡት። እኔን "መቃ ቁረጥ፣ እንጨት ፍለጥ፣ ዝም በል" አሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አደረግኩ።

ጋኑ ተጣደ፤ አፉ ተከደነ፣ ዙሪያው በሊጥ ተመረገ። አዲሱ መቃ ከጋኑ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠች ማሰሮ ውስጥ ገባ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሰው ደጋግሞ ብቅ ይላል። "ውዴ፣ ወጣ?"

"ዛሬ ውሃ ነው፣ ሂዱ።"

"ውሃ? ምነው፣ መነኮስሽ እንዴ?"

"ያንተን ቀብር አይቼ ነው የምመንነው!"

ከሰዓታት በኋላ ማሰሮዋ ውስጥ ስኒ የሚሞላ ተጠራቀመ። እትዬ ውዴ ስኒውን ቀዱና፣ እጃቸው ለዘመናት እንደለመደው፣ ቀጥ አድርገው እሳቱ ላይ ደፉት። አረቄ ሲሆን እንዲህ ነው የሚፈተነው፤ ጥሩ ከሆነ ቦግ ይላል። ይሄ ግን ቸስ ብሎ ማገዶውን አጠፋው። ቤቱ በጭስ ተሞላ።

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ። ጭሱ ይሁን ሌላ፣ ቶሎ አላቆሙም። እኔም ሳቅኩ፤ ከወር በኋላ መጀመሪያዬ ነበር። እሳቱን እንደገና ሳቀጣጥል ከመቃው ያመለጠ እንፋሎት እጄን ላጠኝ።

ቀመስኩት። ትንሽ ጌሾ ጌሾ ይላል። "የጋኑ ትዝታ ነው" አሉ እትዬ ውዴ። "እንደፋዋለን። ሁለተኛው ይጠራል።" ጠራም። ከቀትር በኋላ የወጣውን ስቀምሰው ምንም አይልም። ምንም፣ ምንም። ምላሴ ላይ አለ፣ ግን የለም። እታለም በትክክል እንደነገረችኝ።

ጋሽ ሰይድ ከጁምዓ መልስ አጥሩ ጋ መጡ። ከውጭ ሆነው፣ "ጠብ አለ?" ብለው ተጣሩ።

"ግቡ እንጂ፣ ዛሬ እኮ ውሃ ነው!" አሉ እትዬ ውዴ።

"ውሃው ዛሬ ነው፣ ጋኑ ግን የዱሮው ነው" አሉና ሳይገቡ፣ በአመድ አሽተው በፈላ ውሃ ያጠቧትን አምስት ሊትር ጀሪካን በአጥሩ ላይ አሻገሩልኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት ያን ቀን ነው መሰለኝ።

ሲመሽ ጀሪካኗ ሞላች። የተረፈውን በባዶ ሃይላንድ ቀዳሁት፣ ሁለት ሊትር። ለድካማቸው የያዝኩትን ልሰጣቸው ስል እትዬ ውዴ እጄን መቱኝ። "ስትውጥ፣ የውዴ ልጅ ስልክ ትደውል በይልኝ በላት። የታመመ ሰው አፍ ይሰማል።"

ቅዳሜ

እማማ ዘይነባ ዳቦ ጋግረው በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሃይላንዷንም መሐሉ ላይ ሸጎጧት፣ "እንዳትሰበር" ብለው። ሃይላንድ አይሰበርም ልል ነበር፤ ተውኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ጀሪካኗን በእግሮቼ መሐል አድርጌ፣ እንደ ሕፃን ይዤ ከሞጣ ወጣሁ።

መሐል መንገድ ላይ ኬላ። በሄድኩበት ያልነበረ። መሣሪያ የያዙ ልጆች ናቸው፤ የማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፣ የሚጠይቅም የለም። አንዱ፣ ከኔ የሚያንስ፣ ጀሪካኗን አየ።

"አረቄ ነው።"

"ውሃ ነው።"

"ከሞጣ ቢቸና ውሃ? ቢቸና ውሃ ደረቀ?"

"የበሽተኛ ውሃ ነው፣ ወንድሜ።"

"ክፈት።" ከፈትኩ። ነጭ፣ ጥርት ያለ። አረቄ ነው የሚመስለው፣ ምን ልበል። ልጁ ጀሪካኗን በሁለት እጁ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን ለመቃጠል አዘጋጀ፣ በረጅሙ ጎነጨ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ያየዋል።

"ውሃ ነው" አለ፣ እንደተካደ ሰው።

አንዲት እናት ሳቅ አመለጣቸው። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ልጁ ክዳኑን ሊመልስልኝ እጁን ዘርግቶ ነበር፣ አይቻለሁ። እኔ ግን አፍ አለኝ።

"ምን ታደርግ" አልኩት፣ "ውሃ ከቀመስክ ስንት ጊዜህ!"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ጓደኞቹም ሳቁ። የልጁ ፊት ተለወጠ። ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠና በእግሩ ገፋት። ወደቀች። ጉልክ፣ ጉልክ፣ ጉልክ። የእትዬ ውዴ ቀን ሙሉ በአቧራው ላይ ወጣ። አቧራው ወዲያው ጠጣው፤ እሱ ጣዕም አይመርጥም።

ልነሳ ስል ጎኔ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። "አንተ ብትሞትስ፣ ለበሽተኛዋ ማን አላት?" አለኝ በጆሮዬ። የሳቁት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ልጁም መሬቱን እያየ ነበር፤ አፍሯል። እሱን ነው ከሁሉ ይቅር ማለት ያቃተኝ፣ ማፈሩን። ጥፋቱን ግማሹን ትቶልኝ ሄደ።

እስከ ቢቸና ዳቦው ውስጥ ያለችው ሃይላንድ ጎኔን ትወጋኛለች።

ቤት ስገባ እማ በር ላይ ናት። "አገኘህ?" አለችኝ። ዳቦውን ፈታሁት። እታለም በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እግሯ አብጧል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ስኒ ቀዳሁላት። ስኒውን እኔው ያዝኩላት።

ጎነጨች። አየኋት። ምላሷን ላንቃዋ ላይ ለጠፍ አደረገችው። ዓይኗን ጨፈነች።

መድኃኒት ቤቷ ያለችው ልጅ ልክ ነበረች።

ከዚያ እታለም ዓይኗን ገለጠች። የእኔን ፊት አየች፤ አቧራውን፣ በእንፋሎት የተላጠ እጄን፣ የቁንጫ ንክሻውን ሁሉ አየችው። ዋጠችው። ጉሮሮዋ ላይ እንደ ድንጋይ ሲወርድ ታየኝ።

"እሱ ነው" አለች። "ልክ እሱ ነው።"

"ምንም አይልም?"

"ምንም አይልም።"

ኪኒኑን ሰጠኋት፣ በሁለተኛው ጉንጭ ወረደ። እማ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

በስኒ እየተለካ፣ ለኪኒን ብቻ፣ ሃይላንዷ ለስምንት ቀን ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስነሳ እማን ቧንቧው ጋ አየኋት። ሃይላንዷን ትሞላለች። ተያየን። ክዳኑን ገጥማ፣ በነጠላዋ ጠርዝ አድርቃ፣ ቦታዋ መለሰቻት። ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም።

ያቺ ሁለት ሊትር ውሃ ይኸው ሁለተኛ ወሯን ያዘች፣ አላለቀችም። መንገዱ አሁንም ተዘግቷል። ቀጠሮው አሁንም አለ። እታለም እንዴት አላለቀም ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እሷ እኮ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ስትሞላ የኖረች ናት፣ ስንት ጠብታ ስንት ስኒ እንደሚሆን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

ዛሬ ጠዋትም ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ "የሞጣውን ስጠኝ" አለችኝ።

ቀዳሁላት።